ቁልፍ ያለው ሽጉጥና የባለመሣሪያው አሳብ

በገላባትና በመተማ ዳር አገር ለሚኖሩ ባለመሣሪያዎች የተዘጋጀ ንግግር

ገላባትና መተማ ክረምት በሚሞላ፣ በጋ በሚደርቅ አንድ ፈፋ ተለያይተው የሚተያዩ ሁለት ከተሞች ናቸው። ከገዳሬፍ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያቀናው መንገድ በሁለቱ መካከል ያልፋል። በዚህ መንገድ ሰሊጡና ጥጡ፣ ማሽላውና ከብቱ፣ ነጋዴውና የእርሻው ሳሉግ ሲመላለሱ ኖረዋል፤ ከእነርሱም ጋራ መሣሪያ ተመላልሷል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋራ ሲዋጉ በጥይት ቆስለው ያረፉት በዚሁ ስፍራ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚታዘዘው የሕንድ ብርጌድ የገላባትን ምሽግ ከኢጣልያኖች ለማስለቀቅ የተዋጋውም እዚሁ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ጦር ዘንድ ዌብሊና ኤንፊልድ፣ በኢጣልያ ጦር ዘንድ ደግሞ ቦዴዮ የሚባሉት ስድስት ጎራሾች የተለመዱ ነበሩ።

ጦርነት ሲያልፍ ሠራዊቱ ወደየሰፈሩ ይመለሳል፤ መሣሪያው ግን ሁሉም አብሮ አይመለስም። አንዱ በምርኮ፣ አንዱ በግዢ፣ አንዱም በውርስ ከባላገሩ እጅ ይገባና ከትራስ ሥር፣ ከምሰሶ ላይ፣ ከሣጥን ውስጥ ለብዙ ዘመን ይኖራል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ብዙ ሺህ ሰው ልጆቹን ይዞ በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግሯል። ስጋት በበዛበት ዘመን ሰው መሣሪያ ለማግኘት ይተጋል፤ መሣሪያው ያለበት ቤትም ብዙውን ጊዜ ሕፃናት የሚኖሩበት ቤት ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። ሽጉጥ ከፋብሪካው ሲወጣ በሆዱ ውስጥ አብሮት የተሠራ ቁልፍ ቢኖረው ለባለቤቱ ይጠቅመዋልን? ወይስ በጭንቅ ቀን ያስጠቃዋል? በዚህ ነገር የአሜሪካ ባለመሣሪያዎች ሃያ አምስት ዓመት ያህል ተከራክረዋል። ክርክራቸውም ለዳር አገር ሰው የሚሆን ትምህርት ስላለው ከነምክንያቱ ቢታወቅ መልካም ነው። ስለ ውጭ አገር የሚነገሩት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስድስት ጎራሽ የሚባለው ሽጉጥ ጥይቱን የሚይዘው በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ ነው። ምላጩ ሲሳብ ከበሮው ይዞራል፤ መዶሻውም ወደ ኋላ ሄዶ ይመለስና የጥይቱን ግርጌ ይመታል። በጥንቶቹ ስድስት ጎራሾች መዶሻው በጥይቱ ላይ ተደግፎ ያርፍ ስለ ነበረ፣ ሽጉጡ ከወገብ ወድቆ መዶሻው ድንጋይ ቢመታ ማንም ምላጭ ሳይነካ ሊተኮስ ይችል ነበር። ስለዚህ ልባም የሆነ ሰው አምስት ጥይት ብቻ አጉርሶ መዶሻውን በባዶው ጉድጓድ ላይ ያሳርፍ ነበር። የመጀመሪያው ቁልፍ እንግዲህ ብረት ሳይሆን የሰው ጥንቃቄ ነበረ ማለት ነው።

ፋብሪካዎችም ይህን ጥንቃቄ በብረት ለመተካት ብዙ ደክመዋል። በአሜሪካ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ ለብዙ ዘመን ይሠራ የነበረው የስሚዝና ዌሰን ፋብሪካ በ1887 በእጀታው ጀርባ ላይ ተጫኝ ብረት ያለውን ሽጉጥ አወጣ። ያዡ እጀታውን አጥብቆ ካልጨበጠ በቀር ይህ ሽጉጥ አይተኮስም። ባለ ፋብሪካው ዌሰን ይህን ያሰበው አንድ ሕፃን በሽጉጥ መጎዳቱን ሰምቶ ነው ይባላል። የኢጣልያው ቦዴዮም ለተራ ወታደር የተሠራው ዓይነት ምላጩ የሚታጠፍ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ በአንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ሽጉጥ ወድቆ ተተኩሶ አንድ መርከበኛ ስለ ገደለ፣ ያው የስሚዝና ዌሰን ፋብሪካ በ1944 መጨረሻ መዶሻውን የሚያግድ የተሻለ ብረት በሽጉጦቹ ውስጥ አገባ።

የእጀታው ተጫኝና የመዶሻው ማገጃ አንድ ጠባይ አላቸው። ባለቤቱ ቢያስታውስም ባይያስታውስም ሥራቸውን ይሠራሉ። ሽጉጡን ሲያስቀምጠው ይዘጋሉ፤ አስቦ ሲተኩስበት ይከፈታሉ። በዚህም ምክንያት ባለመሣሪያዎች ብዙ አላጉረመረሙባቸውም።

ጠቡ የተነሣው ባለ መክፈቻው ቁልፍ በመጣ ጊዜ ነው። ታውሩስ የተባለው የብራዚል ፋብሪካ ከ1997 ጀምሮ በትንሽ መክፈቻ የሚዘጋ ቁልፍ በሽጉጦቹ ላይ አደረገ። ስሚዝና ዌሰንም ቆይቶ እንዲሁ አደረገ። በዚህ ፋብሪካ ሽጉጥ ላይ ከከበሮው መክፈቻ በላይ በግራ ጐኑ ትንሽ ቀዳዳ አለች። መክፈቻው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ሲዞር በውስጥ ያለች ስስ ብረት ከመዶሻው አጠገብ ትነሣና መዶሻውን ትይዘዋለች። ከዚያ በኋላ መዶሻው ወደ ኋላ አይሄድም፤ ምላጩም አይሳብም። መክፈቻው ተመልሶ ሲዞር ሽጉጡ እንደ ቀድሞው ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ቍጣው ትልቅ ነበረ። በመጋቢት ወር 2000 ስሚዝና ዌሰን ከፕሬዚዳንት ክሊንተን መንግሥት ጋራ ስምምነት ተፈራረመ። በስምምነቱ ውስጥ ስለ አሻሻጥና ስለ ነጋዴዎች ብዙ ግዴታ ነበረ፤ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥም ቁልፉ በሽጉጡ ውስጥ አብሮ እንዲሠራ ፋብሪካው ቃል ገባ። ባለመሣሪያዎች ይህን በሰሙ ጊዜ ፋብሪካው ከእነርሱ ተለይቶ ከመንግሥት ጋራ ያደመ መስሏቸው ዕቃውን አንገዛም አሉ። ገበያው ወደቀ። ቶምኪንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ፋብሪካውን በ1987 በ112 ሚሊዮን ዶላር ያህል ገዝቶት ነበር፤ በግንቦት ወር 2001 ግን በ15 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። የሚያስገርመው ገዢው የመሣሪያ መቆለፊያ ለመሥራት የተቋቋመ ሳፍ ቲ ሐመር የሚባል ትንሽ ኩባንያ መሆኑ ነው። ባለመሣሪያዎቹ ቁልፉን ጠልተው የጣሉት ፋብሪካ በቁልፍ ሠሪ እጅ ገባ፤ ባለ መክፈቻው ቁልፍም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሽጉጦቹ ላይ ተተከለ። የሜሪላንድ ግዛት ሕግም ከ2002 በኋላ የተሠራ ሽጉጥ እንዲህ ያለ መቆለፊያ በውስጡ ከሌለው ነጋዴ እንዳይሸጠው ከለከለ። ፋብሪካው ግን ነገሩን ሲመዝን ኖሮ፣ ከ2024 ወዲህ ደንበኞቹ የሚወዷቸውን አንዳንድ ዓይነቶች እንደገና ያለ ቁልፍ ለገበያ አቅርቧል።

ባለመሣሪያዎች ቁልፉን የነቀፉባቸው ምክንያቶች በሦስት ይጠቃለላሉ።

አንደኛው የመታመን ነገር ነው። ሽጉጥ የሚያዘው ሌላ መውጫ ለጠፋበት ሰዓት ነው። በውስጡ አንድ ብረት በተጨመረ ቁጥር የሚበላሽ ነገር ተጨመረ ማለት ነው ይላሉ። በተለይ በቀላል ብረት ተሠርተው ኃይለኛ ጥይት የሚተኩሱት ሽጉጦች ሲተኩሱ የሚሰጡት ንዝረት ያችን ስስ ብረት አስነሥቶ ሽጉጡን በራሱ ዘጋብን ብለው የተናገሩ ነበሩ። ሁለተኛው የመክፈቻው ነገር ነው። ሌሊት ውሻው ሲጮኽና በር ሲመታ መክፈቻውን በጨለማ የሚፈልግ ሰው ምን ያደርጋል ይላሉ። ሦስተኛው የክብር ነገር ነው። ዕድሜውን ሙሉ መሣሪያ ይዞ ማንንም ያልበደለ ሰው፣ ሌላው አጥፍቶ እርሱ እንደ ሕፃን ሲቆጠር ያዝናል። ያች ትንሽ ቀዳዳ ለብዙዎች የብረት ነውር ብቻ አልነበረችም፤ ያለመታመናቸው ምልክት ሆና ታይታቸዋለች። ስለዚህ ቀዳዳ የሌለባቸውን አሮጌ ሽጉጦች ዋጋ ጨምረው የሚፈልጉ ሰዎች ተገኝተዋል።

በዚህ በዳር አገር የሚኖር ባለመሣሪያ እነዚህን ሦስት ምክንያቶች ሲሰማ ባዕድ አይሆኑበትም። ሌሊት ከብቱን የሚጠብቅ፣ ሰሊጡን አጭዶ በእርሻው ላይ የሚያድር፣ በበረሃ መንገድ ገንዘብ ይዞ የሚሄድ ሰው መሣሪያው በተጠራ ጊዜ እንዲመልስለት ይፈልጋል። ስለ ክብሩም ነገር ቢሆን የአገሩ ታሪክ ምክንያት አለው። በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ ለወረራ ስትሰናዳ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለኢትዮጵያ መሣሪያ እንዳይሸጥ አግደው ነበር። ኢጣልያ መሣሪያዋን በገዛ ፋብሪካዎቿ ስለምትሠራ እገዳው የጎዳው ተወራሪዋን ነበረ። ይህን ከአባቶቹ የሰማ ሰው ሌላ እጅ በመሣሪያው ላይ ያበጀው ቁልፍ ሲመጣበት «መክፈቻው በማን እጅ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚፈረድበት አይደለም።

ሆኖም ለዚህ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ አለው። በሽጉጡ ላይ የሚሠራው ቁልፍ መክፈቻው የሚሰጠው ለባለቤቱ ነው። ሽጉጡን የሚዘጋውም የሚከፍተውም እርሱ ራሱ ነው። ከቤቱ ሲወጣ ከፍቶ ሊታጠቀው፣ ሲገባ ዘግቶ ሊያስቀምጠው ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ በመንግሥትና በባለመሣሪያው መካከል መስሎ ቢታይም፣ ወደ ውስጡ ሲገቡ በባለመሣሪያውና በገዛ ቤቱ መካከል ያለ ነገር ሆኖ ይገኛል።

ቁልፉን የደገፉት ባለመሣሪያዎች የተመለከቱትም ይህንኑ ነው። እነርሱም እንደ ሌሎቹ ሽጉጥ የሚወዱና ተኩስ የሚያውቁ ናቸው። ነገር ግን አንድ ሽጉጥ በዕድሜው ውስጥ ስንት ሰዓት ይተኮሳል፣ ስንት ሰዓትስ ተቀምጦ ይውላል ብለው ጠየቁ። ሃያ ዓመት በአንድ ቤት የኖረ ሽጉጥ ለጠላት የወጣበት ጊዜ ቢደመር አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ከቶም ያልወጣ ይኖራል። የቀረውን ጊዜ ሁሉ ያሳለፈው ከሚስት፣ ከልጅ፣ ከእንግዳና ከአሽከር ጋራ ነው። ነቃፊዎቹ ቁልፉን የመዘኑት በዚያች በአንዲቱ ሰዓት ነው። ደጋፊዎቹ ግን በቀረው ሃያ ዓመት መዘኑት። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው፤ ሚዛኑ ግን እኩል አይደለም።

የገጠሩን ቤት ማሰብ ይበቃል። አባት ከእርሻ ወይም ከገበያ ሲመለስ ሽጉጡን ከነጥይቱ ከትራሱ ሥር ያደርገዋል፤ ወይም ከነዝናሩ በምሰሶው ላይ ይሰቅለዋል። ልጁም አባቱ የሚኮራበትን ዕቃ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ሠርግ ሲሆን ወደ ሰማይ ሲተኮስ፣ ለቅሶ ሲሆን እንዲሁ ሲተኮስ አይቷል። ምላጩ ለአንድ ጣቱ ቢከብደው በሁለት አውራ ጣቱ ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ አፈሙዙ ወደ ገዛ ደረቱ ወይም አጠገቡ ወዳለው እኅቱ የዞረ ነው። ተደብቋል ተብሎ የሚታመንበት ስፍራም ለልጅ የተሰወረ አይደለም፤ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን የዚህ አገር ሰው ከማንም የበለጠ ያውቀዋል። የሞተው የገዛ ልጅ ከሆነ ሐዘኑ በቤቱ ተዘግቶ ይቀራል። የሞተው የጎረቤት ልጅ ከሆነ ግን ነገሩ ደም ይሆናል። ሳይታሰብ ሆነ ቢባል እንኳ የሟች ወገን እስኪበርድለት ድረስ የገዳይ ወገን ከአካባቢው ይርቃል። ሽማግሌ ይላካል፤ የሃይማኖት አባቶች ይማልዳሉ፤ ካሳ ይቆረጣል። ለዘመናት አብረው ያረሱና የተጋቡ ሁለት ቤቶች በአንዲት ጥይት ይለያያሉ። ሕጉም ዝም አይልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል፤ ሆን ብሎ ያላደረገው ሰው እንኳ መጠንቀቅ ሲገባው ባለመጠንቀቁ ይጠየቃል። መሣሪያ መያዝም ቢሆን በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል፤ በሱዳንም በ1986 የወጣው የጦር መሣሪያ፣ የጥይትና የፈንጂ ሕግ አለ። በፈፋው ወዲህም ሆነ ወዲያ የሚኖር ባለመሣሪያ ከሕግ ውጭ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ቁልፉን ያለ ነቀፋ ማመስገን አይገባም። በእጀታው ላይ የሚሠራው ተጫኝና ባለ መክፈቻው ቁልፍ ትልቅ ልዩነት አላቸው። የመጀመሪያው ያለ ትእዛዝ ይሠራል፤ ሁለተኛው ግን ባለቤቱ ካልዘጋው አይዘጋም። መክፈቻውን ከሽጉጡ ጋራ በአንድ ክር አስሮ የሚሰቅል ሰው ቁልፍ እንደሌለው ይቆጠራል። ደክሞ የገባ፣ ከግብዣ የተመለሰ፣ ነገ እዘጋዋለሁ ብሎ የተኛ ሰውም እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ባለመሣሪያዎች ክርክር ያስገኘው ዋናው ትምህርት ይህ ነው። ፋብሪካ ቁልፉን ሊሠራ ይችላል፤ መንግሥትም እንዲሠራ ሊያዝ ይችላል፤ የመዝጋትን ልማድ ግን ከባለቤቱ በቀር የሚያመጣው የለም።

ለዚህም አገር ነገሩ የበለጠ ይጸናል። በዚህ አካባቢ በሰው እጅ ካለው መሣሪያ ብዙው በውስጡ መክፈቻ ያለው ቁልፍ የለውም። ከአባት የተወረሰው ስድስት ጎራሽ የተሠራው እንዲህ ያለ ቁልፍ ሳይታሰብ ነው። ክላሽንኮቭ የሚባለው ጠመንጃ በቀኝ ጐኑ ያለው መዝጊያ ወደ ላይ ሲገፋ ምላጩን ይይዛል፤ ነገር ግን ሕፃን እጅ ያወርደዋል። ከሱዳን ወሰን በኩል በኮንትሮባንድ ሊገቡ ሲሉ ስለ ተያዙ የቱርክ ሽጉጦችም ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በተደጋጋሚ ተነግሯል፤ በስውር የተገዛ ሽጉጥ ጥራቱን የሚመሰክርለት፣ አያያዙንም የሚያስተምርለት ሻጭ የለውም። እንግዲህ በዚህ አገር የሚኖር ባለመሣሪያ ፋብሪካው ያልሠራለትን ቁልፍ ራሱ መሥራት ይኖርበታል።

ይህም የሚከብድ ሥራ አይደለም፤ ብዙ ወጪም አይጠይቅም። መሣሪያው ከወገብ ሲወርድ በመጀመሪያ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ዞሮ ጥይቱ ይወጣል። ከበሮው ወይም ጎሬው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይመረመራል፤ ባዶ ነው ተብሎ በግምት የተያዘ መሣሪያ ብዙ ሰው ፈጅቷልና። ጥይቱ በአንድ ስፍራ፣ መሣሪያው በሌላ ስፍራ ይቀመጣል። መሣሪያው የሚቀመጥበት ጠንካራ ሣጥን ይኑርና በጋን ቁልፍ ይዘጋ። የስድስት ጎራሽ ከበሮ ተከፍቶ ሰንሰለት በውስጡ አልፎ ቢቆለፍም ያው ነው፤ ከበሮው ካልተመለሰ ሽጉጡ አይተኮስም። መክፈቻው ደግሞ ከባለቤቱ አንገት ወይም ከመቀነቱ አይለይ። ልጆችም መሣሪያ ሲያዩ ሳይነኩ ሄደው ለታላቅ ሰው እንዲናገሩ ይማሩ፤ ይህ ትምህርት ግን በሣጥኑ ላይ የሚጨመር እንጂ ሣጥኑን የሚተካ አይደለም።

በሌሊት ስለሚመጣ ጠላት የሚሰጋ ሰውም መልስ አለው። ስጋቱ እውነት በሆነበት ሌሊት ሣጥኑ ካጠገቡ ይሁን፤ መክፈቻውም በእጁ ይሁን። በጨለማ መክፈቻውን አግኝቶ መክፈትን ቀን ቀን ይለማመደው። የተለማመደ እጅ ሣጥኑን ለመክፈት የሚወስድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ንጋት ሲሆን ደግሞ ቁልፉ ወደ ስፍራው ይመለስ። አንድ ሌሊት የመጣው ስጋት ለሃያ ዓመት የተከፈተ ሣጥን ምክንያት ሊሆን አይገባውም።

ከባለመሣሪያው ሌላ አሳባቸው ሊሰማ የሚገባ ሰዎች አሉ። በአሜሪካም ሆነ በሌላው አገር ስለ ሽጉጥ ቁልፍ ብዙ የተናገሩት መሣሪያውን የሚይዙት ናቸው። መሣሪያውን ሳትይዝ ከመሣሪያው ጋራ የምትኖረው የቤቱ እመቤት ግን ብዙ ጊዜ አትጠየቅም። ምንጣፉን የምታነሣው፣ ትራሱን የምታራግፈው፣ ልጁ የት እንደ ገባ ቀኑን ሙሉ የምትከታተለው እርስዋ ናት። ባል ከሚስቱ ጋራ ተቀምጦ መሣሪያው የት እንደሚያድር፣ መክፈቻውስ በማን ዘንድ እንደሚሆን ቢመክር ክብሩ አይጎድልበትም፤ ቤቱን ጠባቂ መሆኑ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮች፤

አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ቁልፍ ያለው ሽጉጥ ይሻላል ወይስ ቁልፍ የሌለው የሚለው ክርክር ገና ብዙ ዘመን ይቀጥል ይሆናል፤ በሁለቱም ወገን የሚናገሩት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ዛሬ ማታ ግን በገላባትም ሆነ በመተማ ባለመሣሪያው ወደ ቤቱ ሲገባ ክርክሩ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልገውም። ጥይቱን አውጥቶ፣ ሣጥኑን ዘግቶ፣ መክፈቻውን ከመቀነቱ አስሮ ቢተኛ፣ ሲነጋ ልጆቹን እንዳስተኛቸው በደኅና ያገኛቸዋል።